መስኖ ሙቀትንና ዝናብን እንዴት ይለውጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስኖ በገባበት ቆላ የሰነበተ ሰው አየሩ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ይናገራል። አንዱ «ቀዝቅዟል» ሲል ሌላው «ወበቁ አላስቀምጥ አለን» ይላል፤ «ዝናቡ እኛን ዘሎ ማዶ ነው የሚጥለው» የሚልም አይጠፋም። የሚጣረሱ ቢመስሉም ሁሉም በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ምክንያቱን ከነቁጥሩ ከታች አስቀምጠናል።

ማሳ ሲጠጣ አየሩ ለምን ይቀዘቅዛል?

የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው መልሱ እጁ ላይ ነው። ውሃው በሸክላው ዘልቆ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ማሳ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን 2.45 ሜጋ ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት ይወስዳል። በደንብ የጠጣ ሰብል ቆላ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ከአፈሩና ከቅጠሉ ያተናል እንበል። ይህ በካሬ ሜትር 5 ሊትር፣ በሄክታር 50 ሜትር ኩብ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በቀን 12 ሜጋ ጁል የሚያህል ሙቀት ለትነት አዋለ ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን አንድ ካሬ ሜትር የቆላ መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጉልበት ከ20 እስከ 25 ሜጋ ጁል ስለሆነ፣ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሲያተን ዋለ ማለት ይቻላል። ደረቅ መሬት ላይ ግን ያ ጉልበት አፈሩን ያግላል፣ የጋለው አፈር ደግሞ አየሩን።

ቅዝቃዜው ጎልቶ የሚታየው በበጋ፣ ፀሐይ በጠነከረችበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሊት ላይ ለውጡ ትንሽ ነው፤ እርጥብ አፈር ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተንም ሙቀት እንዳያመልጥ ስለሚይዝ ሌሊቱ ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል። በክረምት ደግሞ ዙሪያው ሁሉ እርጥብ ስለሆነ ልዩነቱ ይደበዝዛል።

ስንት ዲግሪ ይቀንሳል?

እንደ ስፋቱና እንደ ዙሪያው ድርቀት ነው። በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ በተደረገ ጥናት ሙሉ በሙሉ በመስኖ የተሸፈነ መሬት የበጋ ቀን ከፍተኛ ሙቀት፣ መስኖ ከሌለው ጋር ሲነጻጸር 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የሌሊቱ ሙቀት ግን አልተለወጠም ማለት ይቻላል። በሌሎች ሰፋፊ መስኖዎች የሚታየው ቅናሽ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ፣ 1 ወይም 2 ዲግሪ ነው።

ቴርሞሜትሩ ቀንሷል፤ ሙቀቱ ግን ለምን የባሰ ይሰማናል?

ምክንያቱ ወበቅ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ አየሩ በውሃ ተን ከተሞላ ላብ አይተንም፣ ቆዳ ላይ ይቀራል። ይህን የሚለካው ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው። 38 ዲግሪ ሙቀትና 25 በመቶ እርጥበት ባለው ደረቅ አየር እርጥቡ ቴርሞሜትር 23 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል። መስኖው አየሩን ወደ 35 ዲግሪ አውርዶ እርጥበቱን ወደ 45 በመቶ ቢያወጣው እርጥቡ ቴርሞሜትር ከ25 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ተራው ቴርሞሜትር በ3 ዲግሪ ቀንሶ ሳለ ለሰው የሚሰማው ሙቀት ጨመረ ማለት ነው። እርጥቡ ቴርሞሜትር 35 ሲደርስ ጤነኛ ሰው ጥላ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ሰውነቱን ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ በተለይ ሜዳ ላይ ለሚሠራ።

በሰሜን ሕንድ ሜዳና በሰሜን ቻይና ሜዳ የተደረጉ ጥናቶች መስኖ ይህን ዓይነቱን እርጥብ ሙቀት እንደሚያባብስ አሳይተዋል። ስለዚህ ትልቅ የመስኖ እርሻ ላይ የሠራተኞችን ጤና የሚከታተል ሰው በተራ ቴርሞሜትር ብቻ መወሰን የለበትም። አረም ነቀላና የሸንኮራ ቆረጣ በጠዋት ተጀምሮ ከ5 ሰዓት በፊት ቢቆም፣ የሚጠጣ ውሃም ሠራተኛው ካለበት ማሳ ድረስ ቢመጣ ሕይወት ያተርፋል።

የተነነው ውሃ እዚያው ዘንቦ ይመለስልናል?

አይመለስም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል እንበል፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማሳው በቀኑ ሙቀት በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያተናል። አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ማሳ ላይ የሚያልፍ አየር ከ3 ደቂቃ ትንሽ በላይ ብቻ ስለሚቆይ የሚጨምረው ውሃ 0.03 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በምድር ወገብ አካባቢ በዝናብ ወቅት ያለ አየር ከመሬት እስከ ላይኛው ሰማይ ድረስ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይይዛል፤ ከዚህ ጋር ሲተያይ የማሳው ድርሻ ኢምንት ነው። ማሳው 100 ኪሎ ሜትር ቢረዝም ግን አየሩ ለማለፍ 5 ሰዓት ተኩል ይወስድበታል፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ያኔ መስኖ በዝናብ ጉዳይ የሚቆጠር ኃይል ይሆናል።

ያም ሆኖ ተን መጨመሩ ብቻውን ዝናብ አያመጣም። አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ መቀዝቀዝና ደመና መሆን አለበት። እዚህ ላይ መስኖ በሁለት እጁ ይሠራል፤ በአንዱ ተን እየጨመረ ደመናን ያግዛል፣ በሌላው መሬቱን አቀዝቅዞ አየሩ ወደ ላይ እንዳይነሳ ያደርጋል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስኑት ወቅቱ፣ ነፋሱና የመስኖው ስፋት ናቸው። ብዙ ጊዜ ከመስኖው በላይ ቅዝቃዜው ያሸንፋል፤ ተኑ ደግሞ ሄዶ ሌላ ቦታ ያዘንባል።

ይህ በተግባር የታየበት ቦታ አለ?

ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምስክር የሱዳኑ ገዚራ ነው። ውሃውም ከእኛው ዓባይ ስለሆነ ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ገዚራ ከካርቱም በስተደቡብ በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ መካከል ያለ ሜዳ ነው። የሴናር ግድብ በ1925 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲያልቅ ውሃ በስበት ኃይል በቦይ ይወርድ ጀመር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የማናጊል ክፍል ሲጨመርበት ስፋቱ ወደ 880,000 ሄክታር ደረሰ። በዓለም ላይ በአንድ አስተዳደር ሥር ካሉት ትልልቅ መስኖዎች አንዱ ነው። ጥጥ፣ ማሽላ፣ ለውዝና ስንዴ ይመረትበታል።

ገዚራን ለምርምር ተመራጭ ያደረገው አቀማመጡ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ዝናቡን የሚያዛባ ተራራ በአጠገቡ የለም። ሰብሉም በክረምት ወራት፣ ዝናቡ በሚመጣበት ጊዜ ጭምር ይጠጣል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የሆኑት ኤልፋቲህ ኤልታሂርና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከመስፋፋቱ በፊትና በኋላ ያለውን የጣቢያዎች መረጃ ከኮምፒውተር ስሌት ጋር አነጻጸሩ። በመስኖው ላይ ሙቀቱም ዝናቡም ቀንሷል፤ ከመስኖው ወደ ምሥራቅ ደግሞ ዝናቡ ጨምሯል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፣ በመስኖው ላይ የአየር ግፊቱ ከፍ ይላል። ከባዱ አየር ወደ ታች ተጭኖ ወደ ጎን ይሰራጫል። አየር በሚወርድበት ቦታ ደመና አይጎለብትምና ገዚራ ራሱ ዝናብ ያጣል። ወደ ጎን የተሰራጨው አየር ግን ከደቡብ ምዕራብ ከሚመጣው ሞቃትና እርጥብ የክረምት ነፋስ ጋር ገዳሪፍ ባለበት ወገን ይጋጠማል፤ ሁለቱ ሲገፋፉ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይዘንባል። ገዳሪፍ በዝናብ ማሽላና ሰሊጥ የሚመረትበት አገር ነው። የአንዱ መስኖ ለሌላው ዝናብ ሆነ ማለት ነው።

ሌላ የት ታይቷል?

በአሜሪካ ታላቁ ሜዳ ከኦጋላላ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየተሳበ የሚጠጣው መሬት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፍጥነት ሰፋ። በ2010 የወጣ ጥናት ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን፣ ከከርሰ ምድር ውሃው ምሥራቃዊ ጠርዝ እስከ ኢንዲያና ግዛት ድረስ የሐምሌ ዝናብ ከ15 እስከ 30 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ኢንዲያና ከዚያ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል።

በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ላይ የተሠራ የ2013 የኮምፒውተር ስሌት ደግሞ ከሸለቆው የሚነሳው ተን በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የበጋውን ዝናብ 15 በመቶ ያህል እንደሚያሳድግና ወደ ኮሎራዶ ወንዝ የሚገባውን ውሃ እንደሚጨምር አመለከተ። ይህ ስሌት እንጂ በቀጥታ የተለካ ዝናብ አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ የገዚራውና የኦጋላላው ግን በጣቢያ መዝገብም የተደገፉ ናቸው።

ሕንድ የተገላቢጦሹን ታሳያለች። ሞንሱን የሚባለው ከባሕር የሚመጣ የወቅት ነፋስ ዝናብ የሚያመጣው የብሱ ከባሕሩ ይበልጥ ሲግል ነው። በጋንጅስ ሜዳና በፑንጃብ ያለው ሰፊ መስኖ የብሱን ሲያቀዘቅዘው የሁለቱ ልዩነት ይጠብባል፣ ሞንሱኑን የሚስበው ኃይል ይዳከማል። ዝናቡ ይቀንሳል ወይስ ቦታ ይለውጣል የሚለው እንደ ወሩና እንደ ክልሉ ይለያያል።

እስያ ውስጥ የሚደረግ መስኖ ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳል?

በስሌት ደረጃ አዎ። የጀርመኑን የማክስ ፕላንክ የሜትሮሎጂ ተቋም የአየር ንብረት ሞዴል የተጠቀመና በ2016 የታተመ ጥናት፣ በአንዳንድ ደረቅ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች ከሚዘንበው ዝናብ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከእስያ መስኖ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስልቷል። «እስከ» የምትለው ቃል ትልቅ ክብደት አላት፤ ቁጥሩ የከፍተኛው ጣሪያ ነው፣ ሞዴሉ ላይ የሚገባው የመስኖ ውሃ መጠን ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። ይሁን እንጂ መልእክቱ ችላ የሚባል አይደለም። የሕንድ ገበሬ የከርሰ ምድር ውሃው ቢደርቅበት ጉዳቱ በሕንድ ብቻ ላይቀር ይችላል።

እንደ ቆጋ ያለ መስኖ የአካባቢውን ዝናብ ይለውጣል?

አይለውጥም። መራዊ አጠገብ ያለው ቆጋ ለ7,000 ሄክታር የታቀደ ነው፤ 70 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቅድም በጠቀስነው ነፋስ አየሩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አልፎት ይሄዳል፤ የሚጨምርበት ውሃ ሩብ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ማሳው ውስጥና ጠርዙ ላይ ያለው ሙቀት፣ እርጥበትና የጠዋት ጤዛ ግን በእርግጥ ይለወጣል። ዝናብ የቀነሰበት ወይም የጨመረበት ዓመት ሲመጣ መስኖውን መውቀስም ማመስገንም ልክ አይደለም፤ ምክንያቱ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ላይ የሚፈለግ ነው።

የበጋ መስኖ ስንዴ ለክረምቱ ዝናብ ይጠቅማል?

ይህ ጥያቄ በጣም ይመላለሳል። የውሃ ተን በአየር ውስጥ የሚቆየው በአማካይ ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። በታኅሣሥ ከማሳ የተነሳ ተን እስከ ሐምሌ ሰማይ ላይ አይጠብቅም። በበጋ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ተኑን ይዞት ይሄዳል፤ አየሩም ወደ ታች ስለሚጫን ደመና ሆኖ የመጎልበት ዕድሉ ጠባብ ነው። በበልግ መግቢያ ላይ፣ አየሩ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት መቀበል ሲጀምር፣ እርጥብ መሬት ትንሽ ሊያግዝ ይችላል፤ ለዚያ ግን ስፋቱ እንደ ገዚራ መሆን አለበት።

የሕዳሴው ግድብ ሐይቅስ?

ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ጣና ወደ 3,000 የሚጠጋ ነው፤ ስለዚህ ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ሐይቅ ከመስኖ የሚለየው ቀን ከየብሱ ቀዝቅዞ፣ ሌሊት ሞቆ ስለሚያድር ነው። በዳርቻው የቀንና የሌሊት ነፋስ አቅጣጫ መቀያየር፣ የእርጥበት መጨመርና በአንዳንድ ዳገቶች ላይ የዝናብ ሰዓት መለወጥ ይጠበቃል። የአገሪቱን ክረምት ግን አይወስንም።

ጠብታ መስኖ ብንጠቀም ውጤቱ ይቀንሳል?

እንደ አጠቃቀሙ ነው። ጠብታ መስኖ የሚቀንሰው ከባዶ አፈር የሚተነውን፣ ከቦይ የሚሰርገውንና ከማሳ የሚፈሰውን ውሃ ነው። ሰብሉ በቅጠሉ የሚያተነው አይቀንስም፤ ምርት ከፈለግን መቀነስም የለበትም። ችግሩ የተረፈው ውሃ ወዴት ሄደ የሚለው ላይ ነው። በተረፈው ተጨማሪ መሬት ከታረሰ አጠቃላይ ትነቱ እንዲያውም ይጨምራል፣ ወደ ወንዝና ወደ ከርሰ ምድር ይመለስ የነበረውም ይቀራል። በየአገሩ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት ነው።

በአካባቢያችን ለውጥ መኖሩን እንዴት እንለካ?

ሙቀትን መለካት ቀላል ነው። ሁለት ጣቢያ ያስፈልጋል፤ አንዱ መስኖው መሐል፣ ሌላው ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ካለ ደረቅ መሬት ላይ፣ ከጠርዙ ቢያንስ 2 ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ። ቴርሞሜትሩ ከመሬት 1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ በቀጥታ ካረፈችበት የሚያሳየው የራሱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይደለም። ሁለቱ በተለያየ ከፍታ ላይ ከሆኑ በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ያስተካክሉ፤ ይህን መርሳት ከተራራ የመጣን ቅዝቃዜ የመስኖ ያስመስለዋል። ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና የእርጥቡን ቴርሞሜትር ንባብ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝግቡ። አንድ በጋ ይበቃል፤ ልዩነቱ ይታያል።

ዝናብ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። መለኪያው ከዛፍም ሆነ ከቤት፣ የእነርሱን ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። አንድ ዝናብ ከሌላው በተፈጥሮው በጣም ስለሚለያይ፣ 10 በመቶ ለውጥ ለመለየት የሁለትና የሦስት ዓመት መዝገብ አይበቃም። ቢያንስ ከመስኖው በፊት 20፣ ከመስኖው በኋላ 20 ዓመት ያለው መዝገብ ይፈለጋል። በተጨማሪ መስኖው ከማይነካው ሩቅ ጣቢያ ጋር ማነጻጸር ግድ ነው፤ አለዚያ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ የሳህል ድርቅ ያመጣው ቅናሽ በመስኖው ይሳበባል።

ውሃው ቢያልቅ ምን ይሆናል?

የተደበቀው ሙቀት ይወጣል። ብዙ የመስኖ አገሮች ባለፉት አሥርት ዓመታት ከዙሪያቸው ያነሰ የሞቁት ትነቱ ስለሸፈነላቸው ነው። ፓምፑ ሲቆም የዓመታቱ ሙቀት በጥቂት ወቅቶች ይመጣል። በኦጋላላ አንዳንድ ክፍሎች፣ በተለይ በካንሳስና በቴክሳስ፣ የውሃው ወለል እጅግ በመውረዱ ገበሬዎች ወደ ዝናብ እርሻ እየተመለሱ ነው።

የአራል ሐይቅ ደግሞ ሌላው ገጽ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገቡት የመካከለኛው እስያ ወንዞች አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ መስኖ ሲጠለፉ ሐይቁ ከስፋቱ 90 በመቶ ያህሉን አጣ። ማሳው ቀዘቀዘ፣ የሐይቁ ዳርቻ ግን በጋው ይበልጥ ሞቃት፣ ክረምቱ ይበልጥ ብርዳማ ሆነ። ትነት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዘዋወር አየሩም አብሮ ተዘዋወረ።

ይህ ሁሉ ለመስኖ ዕቅድ ምን ይለውጣል?

መጀመሪያ የውሃ ፍላጎት ስሌቱን ይነካል። የሰብል ውሃ ፍላጎት የሚሰላው የማጣቀሻውን ትነት (በደንብ የጠጣ አጭር ሣር የሚያተነውን ውሃ) በሰብሉ መጠን (ሰብሉ ከዚያ ሣር ስንት እጥፍ እንደሚያተን በሚያሳይ ቁጥር) በማባዛት ነው፤ እድገቱ መሐል ላይ ያለ ስንዴ 1.15፣ በቆሎ 1.20፣ ሸንኮራ 1.25 ይወስዳል። የማጣቀሻው ትነት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ አውሮፕላን ማረፊያ ካለ ጣቢያ ከተወሰደ አየሩ ከማሳው አየር የሞቀና የደረቀ ስለሆነ ውጤቱ ይጋነናል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1998 ባወጣው ቁጥር 56 መመሪያ ማስተካከያ አለ። ዝቅተኛውን ሙቀት ከጤዛ ነጥብ ጋር፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መያዝ ከሚጀምርበት ሙቀት ጋር ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ከበለጠ 2 ቀንሰው የቀረውን ለሁለት ያካፍሉ፤ ያንን ከከፍተኛውና ከዝቅተኛው ሙቀት ላይ ይቀንሱ፣ በጤዛ ነጥቡ ላይ ይጨምሩ። ዝቅተኛው ሙቀት 22፣ የጤዛ ነጥቡ 12 ቢሆን ልዩነቱ 10 ነው፤ 2 ሲቀነስ 8፣ ለሁለት ሲካፈል 4 ዲግሪ ማስተካከያ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠርዙ ነው። ደረቅ ነፋስ የሚገባበት ወገን ያለው ሰብል ከመሐሉ በላይ ያተናል፤ መጀመሪያ የሚጠወልገውም እሱ ነው። ተራው ሲደርስ ከዚያ ወገን ማጠጣት መጀመር፣ የነፋስ መከላከያ ዛፍ መትከልም ይረዳል።

እርጥበቱ ከሚያመጣቸው በሽታዎች ዋግ ቀዳሚው ነው። ቅጠል ላይ ውሃ ለብዙ ሰዓት ሲያድር ዋግ ይስፋፋል፤ ስለዚህ ርጭት መስኖ የሚጠቀሙ ሰዎች ማታ ረጭተው ቅጠሉን እርጥብ ከማሳደር፣ ጤዛው ባለበት ማለዳ ረጭተው ፀሐይ እንድታደርቀው ማድረግ አለባቸው።

ዝናብ ይስብልናል ተብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ማጠጣት ግን ፈጽሞ አይመከርም። በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ያለው ውሃ በዓመት በሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ሲፈስ 5 ቶን ጨው ይዞ ይገባል። ማፋሰሻ ቦይ ከሌለ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃው ሲተን ጨው ማሳው ላይ ይቀራል። በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው መሬት የመጣው በዚህ መንገድ ነው።